«ሥጋው የማን ነው?»፦ በዲጋ መንገድ እንግዳ የምትቀበለው እህት ሥራ



በሀገራችን መንገድ የወጣ ሙስሊም ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋ አይደለም። «ሥጋው የማን ነው?» ይላል። ባለቤቱ ገበያ ወጥቷል፤ ወጥ ሠሪዋ ጓዳ ናት። መልሱ የሚጠበቀው በር ላይ ቆማ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ከምትለው አስተናጋጅ ነው። ከአውቶቡስ የወረደ ሙስሊም ሁሉ ምን እንደሚበላ የሚወስነው እሷ በምትናገረው አንድ ቃል ነው። እኛ ግን ስለ አስተናጋጅነት ስናወራ ብዙ ጊዜ ቀድመን የምናነሳው «ሴት ልጅ ምግብ ቤት ትሠራለች እንዴ?» የሚለውን ነው። ሥራው ምን እንደሆነ፣ ከሠራተኛዋ ምን እንደሚፈልግና ለእሷስ ምን እንደሚገባት እምብዛም አንነጋገርበትም። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ እናያለን። ምሳሌ ያደረግነው የወለጋውን ዲጋ ነው።

ዲጋ በምሥራቅ ወለጋ ዞን፣ ከነቀምቴ በስተምዕራብ ያለ ወረዳ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነቀምቴ የደረሰ ተሳፋሪ ጉዞውን ወደ ጊምቢ ከቀጠለ በዲጋ ያልፋል። መንገዱ ከነቀምቴ ደጋ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ሙቀት ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ወደ ጊምቢ ይወጣል፤ ከዚያም በነጆና በመንዲ አድርጎ አሶሳ ይገባል። የአካባቢው ሕዝብ በአመዛኙ ኦሮምኛ ተናጋሪና ክርስቲያን ነው፤ ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። መንገደኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ከአሶሳና ከቤጊ በኩል የሚመጣው ተሳፋሪና ነጋዴ ብዙው ሙስሊም ነው። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው ወለጋ ውስጥ የሰፈሩ ሙስሊም ቤተሰቦችም አሉ፤ አማርኛቸውን እንደያዙ ልጅና የልጅ ልጅ አፍርተዋል። ከመኪና ዘመን በፊትም ቢሆን በጎጃሙ ባሶ ገበያና በወለጋ መካከል ሲመላለስ የኖረው የቅፍለት ነጋዴ አብዛኛው ሙስሊም ነበር። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ «ሥጋው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ዕውቀት ይጠይቃል። በሀገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሥጋ ለይቶ የሚበላ በመሆኑ፣ ምግብ ቤቶች ጨረቃና ኮከብ በመለጠፍ ወይም መስታወታቸው ላይ «ቢስሚላህ» ብለው በመጻፍ ራሳቸውን ያሳውቃሉ። የአህለል ኪታብን እርድ በተመለከተ ዑለሞች የሚያነሱት ዝርዝር አለ፤ እኛ እዚህ አንገባበትም። አስተናጋጇ የፊቅህ ክርክር አይጠበቅባትም፤ የሚጠበቅባት እውነተኛ መረጃ ነው። የዕለቱ ሥጋ ከየትኛው ሥጋ ቤት ገባ? ዶሮውን ማን አረደው? ቋንጣው የቆየ ከሆነ መቼና ከየት ተገዛ? መክተፊያውና ቢላው የጋራ ነው ወይስ የተለየ? ጠዋት ሥራ ስትገባ እነዚህን ከወጥ ቤት ጠይቃ የምታውቅ አስተናጋጅ እንግዳው ፊት አትንተባተብም። ካላወቀች ደግሞ «አላውቅም፣ ጠይቄ ልምጣ» ማለት ነውር የለውም። ነውሩ እንግዳው እንዳይሄድባት ብላ «አዎ፣ የሙስሊም ነው» ማለት ነው። ይህ አማና ነው። የጨረቃው ምልክት ባለቤቱ የሰቀለው ነው፤ ምስክርነቱ ግን የእሷ ነው።

ክርስቲያን ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሙስሊም እህትም ብትሆን ያው ነው። «ወንድሜ፣ ሥጋው የክርስቲያን ነው፤ ሽሮና አትክልት ግን አለን» ብላ ብትነግረው ባለቤቱን ያከሰረች ሊመስላት ይችላል። መንገደኛ ግን እውነት የነገረውን ቤት አይረሳም፤ በሚቀጥለው ጉዞው ሽሮውንም ቢሆን እዚያው ይበላል። በተቃራኒው ሳያውቅ ሙስሊም ቤት ለገባ ክርስቲያን እንግዳም ገና ሳይቀመጥ መንገር ተገቢ ነው። እሱም የሚጠነቀቅለት ነገር አለው።

የወለጋ ማዕድ በዚህ ረገድ አንድ ጥሩ ነገር አለው። አንጮቴ የሚባለው የአካባቢው ሥራ ሥር ተቀቅሎ፣ ተልጦና ተከትክቶ፣ ቅቤ ፈሶበት የሚቀርብ የእንግዳና የበዓል ምግብ ነው። ጩምቦም ወፍራም ቂጣ ሆኖ ቅቤ የሚጠጣ ነው። ሁለቱም እርድ የለባቸውም። ሁለት ሃይማኖት ያላቸው ጓደኛሞች አንድ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጡ፣ ብልህ አስተናጋጅ ማንም ሳይጨነቅ «ዛሬ ጥሩ አንጮቴ አለ» ትላለች። አንድ ትሪ ይበቃል። እኛ እስከምናየው ድረስ በብዙ ምግብ ቤቶች አንጮቴን ለበዓል ብቻ መተው ገበያ ማጣት ነው፤ ይህ ግን ለባለቤቶች የምንለው እንጂ ለአስተናጋጇ አይደለም።

ወደ አቀባበሉ እንምጣ። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም ለተሳፋሪው ያለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው። የት እንደሚቆም የሚመርጠው ሹፌሩ ነው፤ ሹፌሩና ረዳቱ በአብዛኛው በነጻ ይበላሉ፤ ቤቱ ትርፉን የሚያገኘው ከተሳፋሪው ነው። ሃምሳና ስልሳ ሰው በአንድ ጊዜ ይገባል። አንዱ ሽንት ቤት ይጠይቃል፣ አንዷ የሕፃን ወተት ማሞቂያ ትፈልጋለች፣ ሌላው የሚሰግድበት ቦታ ይፈልጋል። የአስተናጋጇ ችሎታ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ያለቀውን ምግብ አስቀድማ ትናገራለች፤ «ጥብስ አልቋል፣ ዶሮ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል፣ ሽሮና ቀይ ወጥ አሁኑኑ ይደርሳል» የምትል አስተናጋጅ ለተሳፋሪውም ለወጥ ቤቱም ትልቅ ሥራ ሠራች። አረጋዊና እርጉዝ ሴት ለእጅ መታጠቢያው ቅርብ በሆነ ቦታ ታስቀምጣለች፤ ለሽማግሌ ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ይዛ ባሉበት ትሄዳለች። ሴቶች ብቻቸውን ከተጓዙ ከግርግሩ ፈንጠር ያለ ጠረጴዛ ትፈልግላቸዋለች። ቂብላው ወዴት እንደሆነ፣ ውዱእ የሚደረግበት ውሃ የት እንዳለ ታውቃለች። ተጓዥ ሶላቱን ስለሚያሳጥርና ስለሚያጣምር ብዙ ደቂቃ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ንጹሕ ቦታና ምንጣፍ ነው።

ቋንቋም አለ። ዲጋ ላይ በር የምትቆም ልጅ «አካም ጅርቱ» እና «ባጋ ናጋን ዱፍተን» ብላ የአካባቢውን ሰው፣ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብላ ከአሶሳ የመጣውን፣ በአማርኛ ደግሞ የአዲስ አበባውን ትቀበላለች። ሦስት ሰላምታ በአንድ ትንፋሽ ማለት ነው። እጅ የሚዘረጋ ወንድ ቢመጣ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በፈገግታ ጎንበስ ማለት በቂ ነው፤ እንግዳው አያፍርም፣ እሷም ድንበሯን ጠበቀች። በወለጋ በቅቤ የተቆላ ቡና ለእንግዳ ማቅረብ የቆየ የክብር ወግ ነው። እዚህ አካባቢ እንግዳ ማክበር ማለት ምን እንደሆነ ማንም አስተማሪ አያስፈልገውም።

እንግዳ መቀበል በዲናችን ዝቅ ያለ ሥራ አይደለም። ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) እንግዶቹ በመጡ ጊዜ ምን እንደሚበሉ ጠይቆ አላስጨነቃቸውም። ድምፁን አጥፍቶ ወደ ቤተሰቡ ሄደ፤ የሰባ ጥጃ አዘጋጅቶ መጣ፤ እነሱን ወደ ምግቡ አላስነሳቸውም፣ ምግቡን ወደ እነሱ አቀረበ፤ ከዚያም በለዘበ ቃል ጋበዛቸው። ይህን ታሪክ ደጋግመን ሰምተነዋል። እንደ ሙያ ትምህርት ሆኖ ማየት ግን የለመድነው አይደለም፤ ከፍጥነቱ እስከ አነጋገሩ ያለው ሁሉ አስተናጋጅ ልትማረው የሚገባ ነው። ባለቤቱ ሳራ በዚያ ሰዓት ቆማ እንደነበር ቁርኣን ይነግረናል፤ ከሙፈሲሮች መካከል የቆመችው እንግዶቹን ለማስተናገድ ነው ያሉ አሉ። በቡኻሪ የተዘገበ አንድ ሐዲስም አለ። አቡ ኡሰይድ አስ-ሳዒዲይ በሠርጉ ቀን ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) በጠራ ጊዜ እንግዶቹን ያስተናገደችው ሙሽራዋ ራሷ ነበረች፤ ሌሊቱን ተምር ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ አድራ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ያንን አቀረበች። ዑለሞች ይህን ሐዲስ ሲያብራሩ ሸሪዓዊ አለባበስና ሥርዓት መጠበቁን፣ ፈተና አለመኖሩን መስፈርት ያደርጋሉ። እንግዲህ ችግሩ እንግዳ ማስተናገዱ ላይ አይደለም። ሥራው የሚሠራበት ቦታና ሁኔታ ነው የሚታየው።

ከሁኔታዎቹ ሁሉ ከባዱ መጠጥ ነው። በትናንሽ ከተሞቻችን ደህና ደመወዝ የሚከፍሉት ቤቶች ብዙዎቹ ቢራ የሚሸጡ ሆቴሎች ናቸው። ኸምርን በተመለከተ የተነገረው ሐዲስ የጠጪውን ብቻ ሳይሆን የሚቀዳውን፣ የሚሸከመውንና የሚሸጠውንም ይጨምራል፤ ስለዚህ «እኔ አልጠጣም፣ ማቅረብ ብቻ ነው» የሚለው መልስ አያዋጣም። አንዳንድ እህቶች ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረው ምግብና ለስላሳ ብቻ እንዲያቀርቡ፣ መጠጡን ሌላ ሰው እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ በተለይ በቀኑ ክፍለ ጊዜ ይህ የሚቻልበት ቤት አለ። በእንዲህ ያለ ቤት መቀጠር ራሱ እንዴት እንደሚታይ የምታምኑትን ኡስታዝ ጠይቁ። አማራጭ የሌላትን ልጅ ከሩቅ ሆኖ ማውገዝ ግን ቀላል ነው። የቤተሰብ ራት በእሷ እጅ የሆነች ልጅ ቢራ ቤቱን ትታ ትውጣ የሚል ሰው፣ ወጥታ የት እንደምትገባም አብሮ ማሰብ አለበት። ከዚህ ከተማ ርቃ ዓረብ ሀገር የምትሄደው ልጅ ጉዞዋ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ የሙስሊም ምግብ ቤት ባለቤቶችን ሳናነሳ አናልፍም። ጨረቃ የተሰቀለበት ቤት ገብታ የዙሁር ሶላት ስትጠይቅ «አሁን እንግዳ አለ» የምትባል እህት አለች። የዙሁር ወቅት በወለጋ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ገብቶ እስከ ዐስር፣ ማለትም እስከ 10 ሰዓት ገደማ ይቆያል። የምሳ ግርግር ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። ሁለት አስተናጋጆች ተራ ቢገቡ ማንም ሶላቷ አያልፋትም፣ ማንም እንግዳ አይራብም። አርብ ደግሞ ወንዶቹ ጁምዓ ሲሄዱ ቤቱ ጭር ይላል፤ ሲወጡ በአንድ ጊዜ ይሞላል። ይህንን ሁሉ አስቀድሞ መደልደል የባለቤቱ ሥራ ነው። ሌላው የቅጥር ማስታወቂያ ነው። በር ላይ በእጅ ጽሑፍ የሚለጠፈው «መልከ መልካም አስተናጋጅ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት በእኛም ሰዎች ቤት ታይቷል። መልክ ወጥ አያቀርብም። እንዲህ ብሎ የቀጠረ ሰው በኋላ ደንበኛ ሲያስቸግራት አይቶ እንዳላየ ቢሆን አይገርምም።

ስለ አለባበስ ብዙ አንልም። ሒጃብ ለሥራው እንቅፋት አይደለም፤ ጫፉ በመርፌ ቁልፍ ከተያዘ፣ እጅጌው ከእሳትና ከወጥ የሚርቅ ከሆነ ከተበተነ ፀጉር ይልቅ ለምግብ ንጽሕና ይመረጣል። ምግብ የሚነካ ሠራተኛ በየጊዜው የጤና ምርመራ ማድረግ እንዳለበትም አትርሱ።

ረመዷን ሲመጣ ሥራው መልኩን ይቀይራል። ብዙ የሙስሊም ቤቶች ቀን ዘግተው ማታ ይከፍታሉ። ከመግሪብ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ተምር፣ ሾርባና ሳምቡሳ ጠረጴዛው ላይ መደርደር አለበት። አዛን ሲሰማ ሁሉም እጁን ወደ ተምሩ ይዘረጋል። የምታቀርበዋ ልጅም ከሱሑር ጀምሮ ጾማ የዋለች መሆኗ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። እሷ ሦስተኛውን ጠረጴዛ እያዳረሰች፣ «ሾርባው ዘገየ» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል። ጥሩ ቤት አዛን ሲል ሠራተኞቹ ሁሉ ውሃና ተምር ቀምሰው፣ መግሪብ ሰግደው ዋናውን ምግብ ያወጣሉ። ይህንን የሚያውቅ ደንበኛ አሥር ደቂቃ ቢታገስ ምንም አይጎድልበትም። ባጠቃላይም በጭብጨባና በ«ፕስስ» መጥራት ይቅር። «እህቴ» የሚል ቃል አለን።

አሁን ሕጉን እንይ፤ ብዙዎቹ እህቶች የማያውቁት ይህን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ምግብ ቤት ውስጥ የምትሠራንም ይሸፍናል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት አለ። ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ሰዓት ከሠራች በሰዓት አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ከሆነ አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ ይታሰብላታል። በሕዝብ በዓል ቀን ከሠራች ክፍያው ቢያንስ እጥፍ ነው። ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ናቸው፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ለተደረገው ታላቅ የሙስሊሞች ሰልፍ ምክንያት ከሆኑት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር። በዒድ ቀን አውቶቡስ አይቆምም ማለት አይደለም፤ ሥራ ካለ ግን ክፍያው እንደ አዘቦት ቀን አይደለም ማለት ነው።

የመጀመሪያ ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። የወሊድ ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ መስጠት አለበት። ከ15 ዓመት በታች የሆነች ልጅ አትቀጠርም፤ ከ15 እስከ 18 ያለች ደግሞ የሌሊት ሥራ አትሠራም። በሃይማኖት ምክንያት ማሰናበት ሕገ ወጥ ነው። ወሲባዊ ትንኮሳ የተከለከለ ነው፤ የደረሰባትም ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራዋን ለቅቃ መውጣት ትችላለች። ስለ ሶላት ዕረፍት ግን አዋጁ በስም የሚያነሳው የለም፤ ስለዚህ ከመቀጠሯ በፊት መነጋገሩ የእሷ ፈንታ ነው። «ተቀጥሬ ቀስ ብዬ እጠይቃለሁ» ማለት ብዙ ጊዜ አይሠራም።

አንድ በየቤቱ የሚፈጸም ነገር እንጨምር። ብርጭቆ ሲሰበር፣ ደንበኛ ሳይከፍል ሲሄድ፣ በቴሌብር «ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን አሳይቶ የሚወጣ ሰው ሲያጭበረብር ሒሳቡ ከአስተናጋጇ ደመወዝ ይቆረጣል። ሕጉ እንዲህ አይልም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልሆነ ወይም እሷ በጽሑፍ ካልተስማማች ደመወዟ አይቆረጥም፤ ተቆረጠ ቢባልም ከወር ደመወዟ ሲሶ አይበልጥም። የቴሌብሩን ነገር በተመለከተ ገንዘቡ መግባቱን በደንበኛው ስልክ ሳይሆን በቤቱ ስልክ ማየት ነው መፍትሔው። ቲፕ ደግሞ የእሷ ነው። በሀገራችን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ፣ ቲፑን ታሳቢ አድርጎ ደመወዟን ዝቅ የሚያደርግ አሠሪ ብዙ ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ በጸጥታ ችግር የወለጋ መንገዶች ደጋግመው ሲዘጉ መጀመሪያ የቀረው የመንገደኛው ቲፕ ነበር።

ሥራው እንዴት ይገኛል? ወይ በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት፣ ወይ በደላላ፣ ወይ በዘመድ። በደላላ የምትመጣ ልጅ ከመጀመሪያ ደመወዟ ለደላላው ትከፍላለች፤ ስለ ቤቱም የምታውቀው እሱ የነገራትን ብቻ ነው። ሙያውን በትምህርት መያዝ የምትፈልግ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሆቴል መስተንግዶ ተምራ የብቃት ምዘና መውሰድ ትችላለች። ይህ ወረቀት ከሰፈር ምግብ ቤት ወደ ትልቅ ሆቴል የሚወስድ ነው፤ የትልቁ ሆቴል የመጠጥ ጉዳይ ግን እዚያም ይጠብቃታል።

ከሁሉ በፊት ግን ተያዥ አምጪ ትባላለች። አሠሪው ንብረት ቢጠፋ የሚጠየቅ፣ ደመወዝተኛ የሆነ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው ሰው ይፈልጋል። ከገጠር ቀበሌ ወጥታ ነቀምቴ ወይም ዲጋ የመጣች ልጅ ይህን የሚያደርግላት ሰው የላትም። ስለሌላትም ተያዥ የማይጠይቀው ቤት ትገባለች፤ ተያዥ የማይጠይቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት የሚሠራው፣ ደመወዝ ሳይሆን ቲፕ ብቻ የሚሰጠው ቤት ነው። በየመስጂዱ ጀማዓ ውስጥ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞች አሉ። የመስጂድ ኮሚቴ ልጅቷንና ቤተሰቧን የሚያውቅ ሰው አነጋግሮ፣ የምትገባበትን ቤት አይቶ፣ ከጀማዓው አንድ ሰው ተያዥ እንዲሆናት ቢያደርግ የሚያስፈልገው አንድ መታወቂያ ኮፒ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና ፊርማ ነው። የዋስትናው ወረቀት ላይ ተያዡ እስከ ስንት ብር ድረስ እንደሚጠየቅ በግልጽ ይጻፍ፤ ገደብ የሌለው ዋስትና አትፈርሙ። ከወረቀቱ አንድ ቅጂ በኮሚቴው እጅ ይቀመጥ፤ ልጅቷ ቤት ስትቀይር ዋስትናው የሚነሳው በዚያ ነው።